ሦስት ቋጠሮ

«እና ምን ልበላት? እሺ አለች ልበላት ወይስ እንቢ አለች? አንዱን ተናገሪ እንጂ! ሳምንት ሙሉ አፍሽን ዘግተሽ ሰው ታቃጥያለሽ!»

«አስቤ እደውላለሁ አልኩሽ እኮ እትዬ።»

«የምን ማሰብ ነው? አንቺን አይደለም የጠየቀሽ! እማዬን ነው የጠየቃት!»

ጭምቷ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው። እህቷ ሳታውቀው የወረወረችው ድንጋይ ልክ ቦታው ላይ ነበር ያረፈው።

«ሰውየውን ያመጣሽው አንቺ፣ እንደ አባቴ ነው ያልሽው አንቺ፣ አሁን ሽማግሌ ሲልክ የምትኮሳተሪው አንቺ። ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን የተቀመጠች ሴት አንዴ ብትስቅ ምን ጎደለብሽ? ቅናት ነው? የአባባን ቦታ ማን ይይዛል ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ጭምቷ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረችው።

«ይኸው! ጭምቷ ብለን ስም ያወጣንልሽ እኛው ነን ጥፋተኞቹ። ስሚ፣ ሽማግሌዎቹ ነገ ይመለሳሉ። እማዬ ደግሞ ሰውየውን የምታውቀው ልጄ ናት፣ የእሷን ቃል ሳልሰማ አልመልስም ብላ ድርቅ ብላለች። ዛሬ ትደውይላታለሽ። አለቀ!» እህቷ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ የሚሠራበት ሰዓት ለጭምቷ የእንቅልፍ ሰዓቷ ነው። አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ውስጥ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ፣ የወጥ ቤት ሽርጥ፣ የዘበኛ ዩኒፎርም፣ የተቀደደውን ሁሉ ስትሰፋ ታድርና ጠዋት መጥታ ትተኛለች። ትተኛለች ማለት አልጋው ላይ ትወጣለች። መስኮቱን የጋረደችበት ጨርቅ ከሥራ ቦታ የተጣለ አንሶላ ነው፤ ጥጉ ላይ «አገልግሎቱን የጨረሰ» የሚል ቀይ ማኅተም አለበት፤ ፀሐይ ከኋላው ስትመታው ማኅተሙ ብቻውን ይደምቃል። እሷም አስራ አንድ ወር ሙሉ ተጋድማ ይህን ማኅተም ስታነብ ከርማለች።

«ታላቅሽ ናት?» አለች ሬዲዮ ከላይኛው አልጋ አንገቷን አውጥታ። ሬዲዮ አብራት የምትኖር የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ስሙ የወጣላት ተኝታም ስለምታወራ ነው። በዚህ አገር የጭምቷን ነገር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«እሷ ናት።»

«ፊትሽ እኮ የቢላ ሱቅ መስሏል። ዛሬ ነው አይደል የሚመጣው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ሬዲዮ ወርዳ ጫማዋን ፈለገች። «እኔ ድሮም ነግሬሻለሁ። ሽማግሌ ወዳጅ እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል፣ ፍሬኑ ግን አያስተማምንም። በይ ክፍሉን ልልቀቅላችሁ። ሰሃኑ ግን የእኔ ነው፣ እንዳትወረውሪው።» ወጣች።

ጭምቷ ፈገግ ሳትል ወደ ግድግዳው ዞረች። ከሰውየው ጋር ስትተዋወቅ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ልጅ አልነበረችም። ይህን ለራሷ ሺህ ጊዜ ብላዋለች፤ አንዳንድ ቀን እሱን ስትከስ፣ አንዳንድ ቀን ራሷን ስትከስ። እሱ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር፣ የአንሶላውን መኪና የሚነዳ ሹፌር፣ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ጋሼ የሚለው፣ የቆሸሸውን አምጥቶ የታጠበውን የሚወስድ። መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም፣ ክርኑን ነበር። በመኪናው መስኮት ላይ ክርኑን እያስደገፈ ስለሚነዳ የሰማያዊ ሹራቡ ግራ ክርን ተበልቶ ቆዳው ይታያል። «ያውልቁትና ልስፋልዎት» አለችው። ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ ይህን እንዴት እንዳለችው እስከ ዛሬ አይገባትም። አወለቀው። በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ጠበቃት፣ አልቸኮለም፣ ስልኩን አላወጣም። ብርቱካን ከኪሱ አወጣና ልጣጩን ሳይበጥስ እንደ ጥብጣብ አዙሮ ላጠው፣ ግማሹን ሰጣት። ያ ነበር። ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ብቻ? ያ ብቻ ነበር። የዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ የሚያወሩት ስለሚሆኑት ነገር ነው፤ እሆናለሁ፣ እገዛለሁ፣ እሄዳለሁ። እሱ ሆኖ ያለቀ ሰው ነበር። መጨረሻው የታወቀ ሰው አጠገብ መቀመጥ ያሳርፋል። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ፣ ቁጥር ከሚተፋው ማሽን ፊት፣ ወረቀቱን በየትኛው መስኮት እንደሚያስገቡት ጠፍቷት ሳለ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ «ተይው፣ ሲጠሩን እንነሳለን» አላት። «ሲጠሩን» አለ። ሲጠሩሽ አላለም። ለዚህች አንዲት ቃል ሦስት ዓመት ከፈለች።

አባት ፍለጋ ነው ትላለች ሬዲዮ። ጭምቷ ይህን ስትሰማ ትናደዳለች። አባቷ ቶሎ የሚቆጣ፣ በር ሲዘጋ ቤቱ የሚናጋ፣ ሲበላ የሚቸኩል ሰው ነበር፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማረው እንጂ ማንም ዳግመኛ ሊፈልገው የሚነሳ ሰው አልነበረም። ታዲያ ምን ነበር የፈለገችው? አሁን፣ በዚህ ብርሃን በበዛበት የእንቅልፍ ሰዓት፣ የማትወደውን መልስ ታገኛለች፤ ከእሱ ጋር ስትሆን ሁልጊዜ ትንሽ ነበረች። ብታጠፋ ይቅር የሚባልላት፣ ባታውቅ የሚነገራት። ይህ ይጣፍጣል። ይጣፍጥና ደግሞ ዋጋ አለው፤ ትንሽ የሆነን ሰው ማን ያማክረዋል? ለማን እንደሚነገር፣ መቼ እንደሚነገር፣ ሁሉን የሚወስነው እሱ ነው። «ጊዜው ሲደርስ እኔ ራሴ እናገራለሁ» ይላታል። ጊዜው ግን እንደ አውቶቡስ ነው፣ እነሱ ጣቢያው ሲደርሱ ሄዷል። አንድ ቀን በስልክ ሲያወሩ እናቷ ከኋላ የወንድ ሳል ሰማች። «ማነው?» አለች። እሱ በምልክት ጠቆማት፣ በከንፈሩ ቃሉን ቀረጸላት፣ እሷም ደገመችው፤ «አንድ ትልቅ ሰው ናቸው እማዬ፣ ሥራ ቦታ። እንደ አባቴ ናቸው።» እናቷ በዚያ በኩል መረቀች። «የሰው አገር ላይ ለልጄ አባት የሰጣት ይመስገን።» እሱ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አብራው እንደሳቀች አትክድም።

ከዚያ፣ ከአስራ አንድ ወር በፊት፣ ጡረታው ደረሰ። አገሬ ልገባ ነው አለ። ይዞኝ ይሄዳል ብላ ልብሷን በሐሳቧ እያጣጠፈች ሳለ፣ «ዕድሜሽን አልበላም። አንቺ ገና ነሽ፣ እኩያሽን ፈልጊ። እኔ ለራሴ ሳስብ ለአንቺ ኃጢአት እየሆነብኝ ነው» አላት። እንባ ነበረው፣ እውነተኛ እንባ። እሷም አመነችው፤ እንዲያውም አከበረችው። እንዴት ያለ ሰው ነው አለች፣ ለእኔ ሲል ራሱን ጎዳ አለች። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሻንጣው ቦታ እንዳለው ጠየቀችው። ለእናቷ መነጽር፣ የስፌት መኪና መርፌና አንድ ጋቢ የሚያህል ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ «ለእማዬ በእጅህ አድርስልኝ» ብላ ላከችው። ሰው ሁሉ በተጓዥ ይልካል፤ በተጓዥ የተላከ ዕቃ ደግሞ ብቻውን አይገባም፣ ተጓዡም አብሮ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ልጄ ንገረኝ ይባላል። ሲቀመጥ እንደ አባት ተቀመጠ። መንገዱን ጠርጋ፣ ስሙን አሳምራ፣ በገዛ እጇ እናቷ ደጃፍ ላይ አደረሰችው።

መጀመሪያ ወሬው በእናቷ ሳቅ መጣ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ ስልኩን በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና እየሰፋች ታወራለች። ስልክ መዝጋት አታውቅም፤ ቀይዋን መንካት እፈራለሁ ትላለች፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የምትዘጋው ልጇ ናት፣ እናትየው ዝም ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አንዳንዴ ጭምቷ ሆን ብላ ሳትዘጋ ቆይታ ቤቷን ታዳምጣለች፤ የመኪናውን ፔዳል፣ የመቀሱን ድምፅ፣ የቀኝ እግሯ ነጠላ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት። አንድ ቀን እንዲህ ስታዳምጥ የወንድ ሳል ሰማች። ያንኑ ሳል። ከዚያ እናቷ ሳቀች። ዘጠኝ ዓመት ያልሰማችው፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው፤ ከዚያ ሁለቱም ስለ አንድ የድሮ ዘፈን አወሩ፣ ጭምቷ ስላልተወለደችበት ዘመን፣ እሱ ለእሷ ሊነግራት ጀምሮ «አንቺ አታውቂውም» ብሎ የሚተወውን ሁሉ። እናቷ ታውቀዋለች። ያንን ቀን ነው ቂም የያዘችው። እሱ እኩያሽን ፈልጊ ሲላት ለካ ምክሩን ለራሱም ያስቀር ነበር!

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ጭምቷ መጸለይ ትታለች። አንሶላ እየሰፋች ታስባለች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ ትደውላለች፣ ስልኩን ለሁሉም አሰሙልኝ ትላለች። ወይም ለእህቷ ትነግራታለች፣ የእህቷ ምላስ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ወይም ዝም ትልና በሠርጉ ማግስት ትናገራለች፤ ይሄኛው ያቃጥላል፣ ይሄኛው ጥሩ ነው፣ ግን በመሐል እናቷ አለች። ሁሉም በቀል በእናቷ በር በኩል ነው የሚያልፈው፣ ሌላ መንገድ የለውም። ዝም ብትል ደግሞ እናቷ የልጇን ሰው ታገባለች፣ ይህ ከበቀልም ይከፋል። እውነት መናገርና መበቀል አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ፊቷ ቆመዋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቷት ነው ሳምንት ሙሉ ዓይኗ ያልተከደነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልቧን ይጎረብጠዋል። ባለፈው ሰሞን እናቷ፣ «የሰውየውን ሹራብ የሰፋሽው አንቺ ነሽ አይደል? አጥቤላቸው እጅሽን አወቅሁት» አለቻት። ጭምቷ አዎ አለች፣ ሥራዬ አይደል አለች። እናቷ «ጎበዝ» አለች። ያ ጎበዝ እንደ ሌላው ጎበዝ አልነበረም። በነጋታው ነው ሽማግሌዎቹ መጥተው እናቷ «ልጄ እሺ ካላለችኝ» ብላ የመለሰቻቸው።

በሩ ተንኳኳ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እንቅልፍ ሳይመጣ እሱ መጣ።

የተከራየውን ክፍል ሊያስረክብ፣ ወረቀቱን ሊዘጋጋ ለአንድ ሳምንት ነው የተመለሰው። ያንኑ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፣ ታጥቦ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ የቤታቸውን ሳሙና ታውቀዋለች። ያለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሰሃን ብርቱካን አንስቶ መላጥ ጀመረ፣ ሳይጠይቅ፣ እንደ ቤቱ።

«ከስተሻል፣ ልጄ።»

«ምን አልከኝ?»

«ልጄ አልኩሽ።» አላያትም። «መልመድ አለብን እኮ።»

ጭምቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስትገባ ታውቅ ነበር? እማዬ ቤት ስትገባ?»

«በእግዜር ስም! ዕቃ ላደርስ ነው የገባሁት። ሰው ልቡን ያዝዘዋል? እናትሽ... ከእሷ ጋር ስቀመጥ ማስረዳት የለብኝም። የምለው ሁሉ ይገባታል።»

«እኔ አይገባኝም ነበር።»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ።»

«ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር! አልጋ ላይ ልጅ አልነበርኩም፣ አይደለም እንዴ? ወረቀት ስትሞላልኝ ልጅ፣ ማታ ሴት፣ ዛሬ ደግሞ መልሰህ ልጅ። እንደ መኪናህ ነው ማርሽ የምትቀይረኝ?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት አለ።» ልጣጩ እየተሽከረከረ ይረዝማል፣ አይበጠስም። «ያለፈው አልፏል። የማን ደስታ ነው የሚበላሸው? የእናትሽ ነው። ዘጠኝ ዓመት ብቻዋን... አሳዝናኝም ነው። እሺ በያት። ስለ ሌላው አትጨነቂ፣ ጊዜው ሲደርስ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። አንቺ ደግሞ ዝም ማለት ትችይበታለሽ።»

ዝም ማለት ትችይበታለሽ። ሰው አንዳንዴ ለራሱ ጉድጓድ ሲቆፍር ዶማውን እንዲህ በፈገግታ ይጨብጠዋል። ጭምቷ ስልኳን አነሳች። እሱ መጀመሪያ ሰዓት የምታይ መሰለው። የጥሪው ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው ነው እጁ የቆመው።

«ሃሎ?» የስፌት መኪናው ፔዳል ከኋላ ይሰማል። «ልጄ? አልተኛሽም እንዴ በዚህ ሰዓት?»

«አልተኛሁም እማዬ። ሰውየው እዚህ አጠገቤ ናቸው። ይሰሙሻል።»

ፔዳሉ ቆመ።

«እንደምን ዋልሽ» አለ እሱ። በሽማግሌ ድምፅ ነው የተናገረው፣ ጭምቷ የማታውቀው ድምፅ።

«ደህና ነኝ።» የእናቷ መቀስ ሲነሳ ተሰማ። «እንኳን አብራችሁ ሆናችሁ። የምጠይቀው ለሁለታችሁም ነው። ሹራቡን ሳጥብ እጅጌውን ገልብጬ አየሁት። ሦስት ቋጠሮ ነው ያለው።»

እሱ ምንም አልገባውም። ጭምቷ ግን ወዲያው ገባት። በእናቷ ቤት መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው፤ ለደንበኛ አንድ ቋጠሮ፣ ለቤት ሰው ሦስት። የደንበኛ ቢፈታ ተመልሶ ይመጣል፣ የቤት ሰው ግን መንገድ ላይ እንዳይፈታበት። ያን ቀን፣ ገና የመጀመሪያውን ቀን፣ ስሙን እንኳ ሳታውቅ፣ እጇ ሦስት ቋጥሮ ነበር።

«እንደ አባቴ ነው ብለሽኛል» ቀጠለች እናቷ፣ ቀስ ብላ፣ ክር በመርፌ እንደምታስገባ ሰው። «ለአባት ሦስት ይቋጠራል፣ ልክ ነው። እሱን ብዬ ልተወው ነበር። ግን የአባትሽን ልብስ ስትሰፊ አይቼ ነው ያሳደግሁሽ። እንዲህ ተጠንቅቀሽ ሰፍተሽለት አታውቂም። እና ሽማግሌ ሳላናግር ልጠይቅ አልኩ። ሰውየው የቤት ሰው የሆነው በየት በኩል ነው?»

ጭምቷ ወደ እሱ ዞረች። «ንገራት።»

እሱ ክርኑን ይመለከታል፣ እንደ ሌላ ሰው ክርን። አራት ዓመት ገደማ ለብሶት ገልብጦ አላየውም።

«ጊዜው ሲደርስ ትል አልነበር? ይኸው ደረሰ። ንገራት!»

«እ... ልጅቷ ሥራዋ መስፋት ነው» አለ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ። «ምናልባት እጇ ለምዶባት... እኔ መቼም ስለ ክር ምን አውቃለሁ።» ብርቱካኑ ላይ ያለው እጁ ተንቀሳቀሰ፣ ልጣጩ ተበጠሰ።

ጭምቷ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«በእኔ በኩል ነው የገባው፣ እማዬ» አለች ጭምቷ። «የእኔ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት። ማንም አላስገደደኝም። እንደ አባቴ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

ይህን፣ ሳሉን ከሰማችበት ቀን ጀምሮ፣ በልቧ ስትሰፋው ኖራለች። ከተናገረችው በኋላ ፊቱን ልታየው፣ ያ ሆኖ ያለቀ፣ የማይቸኩል ፊት እንዴት እንደሚፈርስ ቁጭ ብላ ልትጠግበው ነበር ሐሳቧ። ፊቱ ፈርሷል፣ አጠገቧ ነው፣ ቀና ብትል ይበቃል። ቀና አላለችም። ስልኩ ላይ ተደፍታለች።

መቀስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ።

«እማዬ?»

ስልኩ አልተዘጋም፤ እናቷ መዝጋት አታውቅም። ነጠላ ጫማው ሲሚንቶው ላይ ተጎተተ፣ የቀኙ ከግራው ዘግየት እያለ፣ ከጠረጴዛው ራቀ፣ በጓዳው በር አለፈ፣ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ከዚያም አልተሰማም።